ማጋላ የለችም

ጋዲሴ ቦኩ መቁጠር እንደምትችል አስቀድሞ ይታወቅላት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በሂሳብ ከሦስተኛነት ወርዳ አታውቅም፤ ኮሌጅ ገብታ የኮምፒውተር ጥገና ስትማርም ቁጥር አስጨንቋት አያውቅም። ሆኖም በዚያ ሰኞ የደረሰባት ነገር ሁሉ የደረሰባት ባለመቁጠሯ ነው።

ነገሩ ከቤት የመጣ ነው። አባቷ አቶ ቦኩ ከኬንያዋ ሞያሌ ከተማ ወጣ ብላ ባለችው ቡቲዬ ከብት ያረባሉ። ከብቶቻቸውን ግን አንድም ቀን ቆጥረው አያውቁም፤ ከብት መቁጠር ጉዳት ይጠራል ብለው የሚያምኑ አባት ናቸው ያሳደጓቸው። አመሻሽ ላይ ከብቱ ከግጦሽ ሲመለስ አቶ ቦኩ በእሾህ አጥሩ በር ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ይቆማሉ። አይናገሩም። ከብቶቹ አንድ በአንድ በፊታቸው ያልፋሉ። የመጨረሻዋ ከገባች በኋላ ጥቂት ዝም ይሉና ወይ «ገብተዋል» ይላሉ፣ ወይ የቀረችውን በመልኳ ይጠራሉ። «ቡሬ የለችም።» ያኔ ሰው ዝንጉርጉሯን ቡሬን ፍለጋ ይወጣል። ተሳስተው አያውቁም። እንግዳ መጥቶ ስንት ከብት እንዳላቸው ቢጠይቃቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አሉ፣ ይመስገን።»

ጋዲሴ ከዚያ በር አጠገብ ቆማ አደገች። እሷ እንኳ ጉዳት ይጠራል የሚለውን ብዙም አታምንበትም። ዓይኗ ግን ለምዶታል።

ቡቲዬ የተማረችበት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አልነበረውም፤ የኮምፒውተር ትምህርት ግን ነበረው። መምህሩ ኪቦርዱን በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ይስሉታል፣ ተማሪዎቹ በተራ እየወጡ ፊደሎቹን በጣታቸው እየነኩ ስማቸውን «ይጽፋሉ»። ጋዲሴ ስሟን ጽፋ ስትጨርስ ጣቷ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ከኋላዋ የሚወጣው ልጅ ደግሞ የነካቻቸው ፊደሎች ጠፍተው ያገኛቸዋል። «ጋዲሴ ሰበረችው» ይላል ለመምህሩ። መምህሩም በትዕግሥት እንደገና ይስሉታል።

ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላት ኮሌጁ ለሦስት ወር የሥራ ልምምድ፣ ሞያሌዎች አታችመንት ለሚሉት፣ ማንያታ ሰፈር ወደሚገኘው የጋሽ ወልደየሱስ የጥገና ቤት ላካት። ሰፈሩ «ፉንዲ» እያለ ነው የሚጠራቸው፤ ባለሙያ እንደ ማለት ነው። በወጣትነታቸው ከኢትዮጵያ ተሰደው ዋልዳ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ውስጥ ኖረዋል። እዚያ አልናገር ያለ ሬዲዮ በማናገር ስም አወጡ፤ ጣቢያው ሲዘጋና ሰው ሲበተን መፍቻቸውን ይዘው ሞያሌ ገቡ። በራቸው ላይ ያለው ሰሌዳ ዛሬም «ሬዲዮ ይታደሳል» ይላል። ሬዲዮ ይዞ የሚመጣ ሰው ከጠፋ ግን ዓመታት አልፈዋል።

ያን ሰሞን ማርሳቢት ያለ አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ኮምፒውተር ገዝቶ፣ አሮጌዎቹን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በሎሪ ላከላቸው። ስምምነቱ ቀላል ነበር። የሚድኑት ታድሰው ጋዲሴ ለተማረችበት ትምህርት ቤት ይሰጣሉ። የማይድኑት ሆዳቸው ተፈትቶ ጠቃሚ ዕቃቸው ለሌሎቹ ይውላል፤ ቀሪው በጆንያ ታስሮ ናይሮቢ ፕላስቲክና ብረት ለይተው ዳግም ለሚጠቀሙ ሰዎች ይላካል። መዳብ ለማውጣት ሽቦ ማቃጠል በዚያ ቤት ክልክል ነው። አንድ ጎረቤት ምክንያቱን ቢጠይቃቸው ጋሽ ወልደየሱስ «ጭሱ ሳንባ ያበላሻል፣ እኔ ደግሞ የሳንባ መለዋወጫ የለኝም» አሉት።

የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ለጋዲሴ አንድ ተስፋ ሰጥተዋት ነበር፤ ልምምዱን ካለፈች የኮምፒውተር ክፍሉን የምትጠብቀው እሷ ትሆናለች። ከወደቀች ደግሞ ልምምዱን በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ከተማ ሄዳ እንደገና ትጀምራለች፣ ክፍሉም ለሌላ ሰው ይሰጣል። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ጠዋት ጠዋት ከቡቲዬ ወደ ማንያታ ስትሄድ ግን ልቧ የሚያወራው ስለዚያ ክፍል ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ጋሽ ወልደየሱስ ብሩሽና የአየር መንፊያ ሰጧትና «አቧራ» አሏት። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሳምንቱን ሙሉ ቀይ አቧራ ስትጠርግ ዋለች፤ ወደ ቤት ስትመለስ እናቷ ዳዶ «ጉድጓድ ነው የሚያስቆፍሩሽ?» ይሏታል። በሁለተኛው ሳምንት የራሙን፣ የማስታወሻ ካርዱን፣ ወርቃማ ጥርስ በተማሪ ላጲስ ማሸት፣ ያበጠ ካፓሲተር በዓይን መለየት፣ ደርቆ የተሰነጠቀ የማቀዝቀዣ ቅባት ጠርጎ አዲስ መቀባት ተማረች። በየማሽኑ ውስጥ የቀረውን የመሥሪያ ቤቱን ፋይል ሁለት ጊዜ እንድትደመስስ አዘዟት፤ «የሰው ጓዳ አይታይም» ብለው። አዝራር የምታክለው ባትሪ የሞተችባት ማሽን ስትነሳ ዘመኑ ጠፍቷት ትነሳለች።

«ጋሽ ወልደየሱስ፣ ይህቺ ገና ሁለት ሺህ አምስት ላይ ነች።»

«ተያት ትንሽ ትቆይ። ደህና ዓመት ነበር» አሏት፣ ቀና ሳይሉ።

ስም መውጣት የጀመረው በሦስተኛው ሳምንት ነው።

«ያቺን አምጪልኝ» አሏት።

«የትኛዋን?»

«ያቺን ግራጫዋን። ጎኗ የተጫጫረውን።»

«ዳለቻን?» አለች ሳታስበው።

ጋሽ ወልደየሱስ መፍቻቸውን አስቀምጠው በመነጽራቸው በላይ አዩዋት። ጋዲሴ አፈረች። «ይቅርታ፣ ቤታችን ይህን መልክ የያዘች ላም አለች።»

«የአባቴም በሬ ዳለቻ ነበር» አሉ። «በል ሲሉት የሚተኛ። እንግዲህ አምጪያት፣ እሷም አልነሳ ብላኛለች።»

ከዚያ ቀን በኋላ በቤቱ ስም የሌለው ማሽን ጠፋ። ጥቁሯ ጉራቻ ሆነች። ተለጣፊ ወረቀት ተነቅሎባት ግንባሯ የነጣው ቦቃ ተባለች። ቀለም የተፈናጠቀባት ቡሬ ሆነች። ዕድሜ ነጭ ፕላስቲኳን ቡናማ ያደረገባት ደግሞ ማጋላ ተባለች። ማጋላ ከሁሉም ያስቸገረች ነች። ከታች በግራ ማዕዘኗ እንደ ተቆረጠ ጆሮ ሸረፍ ያለች ናት፤ ማብሪያዋ ተሰብሮ መለዋወጫ ስለጠፋላት ጋዲሴ ከአሮጌ ሬዲዮ ቁልፍ ነቅላ በቢጫ ሽቦ አስራላታለች። የተነሳች ቀን ጋሽ ወልደየሱስ ሱቁን ዘግተው ለሁለቱም ማንዳዚ የሚባለውን በዘይት የተጠበሰ ዳቦ ገዙ።

ማጋላን የምትመስል አንዲት ነበረች፤ ሞዴሏም ቀለሟም አንድ። እሷ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ሶኬት ላይ ሲሰኳት ጧ ብላ የቤቱን መብራት ሁሉ አጥፍታ ሞተች። ራሟ ተነቅሎ ለዳለቻ ተሰጠ፣ ቀፎዋ ናይሮቢ ከሚሄዱት ክምር ላይ ተጣለ። ስም ሳይወጣላት።

ጋዲሴ የዕለት ሥራዋን በኮሌጁ የሥራ መዝገብ ላይ በየቀኑ ትጽፋለች። መዝገቡ «የተሠራ ሥራ» እና «ብዛት» የሚሉ ሁለት ዓምዶች አሉት። በመጀመሪያው ዓምድ ላይ «የቦቃን ፓወር ሰፕላይ ቀየርኩ፣ ቡሬ ዛሬ ደህና አደረች» እያለች ትጽፋለች። ሁለተኛውን ዓምድ ሦስት ወር ሙሉ ባዶ ተወችው። ጋሽ ወልደየሱስም ሳያነቡ በየሳምንቱ ይፈርማሉ።

ሰኞ የልምምዱ የመጨረሻ ቀን ነበር። ጠዋት ሂካ የተባለ የቱክቱክ፣ የባጃጅ፣ ሾፌር ማሽኖቹን ወደ ቡቲዬ ማመላለስ ጀመረ፤ በእጁ ርእሰ መምህሩ የሰጡት «አሥራ ስምንት ኮምፒውተር» የሚል ወረቀት ይዟል። የናይሮቢውም ሎሪ በዚያው ቀን ጆንያዎቹን ሊጭን ነበር። ጋዲሴ ማጋላን ለመጨረሻ ጊዜ ፈትሻ፣ ትብረድ ብላ በሩ አጠገብ፣ ናይሮቢ ከሚሄደው ክምር ጎን፣ መሬት ላይ አስቀመጠቻት። በዚህ መሐል ኮሌጁ የላካት ገምጋሚ፣ መምህርት ኢክላስ፣ ከበሩ ገባች። ጋዲሴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተከትላት ወደ ጓዳው ክፍል ገባች።

መምህርት ኢክላስ ጠጣር ሴት ናት ይባላል። መዝገቡን ገለጠች። ገጽ ገለበጠች። እንደገና ወደ ኋላ ተመለሰች።

«ቦቃ ማን ናት?»

«ኮምፒውተር ናት ማዳም።»

«ቡሬስ?»

«እሷም።»

«‹ጉራቻ ዛሬ አስነጠሳት› ይላል እዚህ።»

«ማራገቢያዋ ነው፤ ዘይት አጣ» አሉ ጋሽ ወልደየሱስ ከጥጋቸው፣ ለመርዳት ብለው።

መምህርት ኢክላስ አላየቻቸውም። «ስንት ኮምፒውተር አደስሽ፣ ጋዲሴ?»

መልሱ ቀላል ነበር። ጋዲሴ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን የአባቷ መልስ ነው። «አሉ፣ ይመስገን።»

«አሉ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ደህና ናቸው ማለቴ ነው። ሁሉም።»

መምህርት ኢክላስ ባዶውን ዓምድ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ከላይ እስከ ታች ወረደችበት። «ስሚ እህቴ። እኔ ለኮሌጁ የምጽፈው ብዛት ነው። ይህን መዝገብ ይዤ ብሄድ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ነው የላክናት ወይ ይሉኛል። ማሽኖቹ ያሉበት ሄጄ እቆጥራለሁ። ልክ ከሆነ እንነጋገራለን። ካልሆነ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቦታ እንፈልግልሻለን።»

ሌላ ቦታ ሲባል ለጋዲሴ የታያት የዚያ ክፍል በር ነው፣ ተዘግቶ።

ሲወጡ በሩ አጠገብ ያለው ቦታ ጸድቷል። ሂካ የመጨረሻውን ጭነት ወስዷል፣ የሎሪው ሰዎችም ክምሩን ጭነው ሄደዋል። ጋዲሴ ጭንቅላቷ ውስጥ የሚያስተጋባው የመምህርቷ ድምፅ ስለነበር ምንም አላሰበችም።

ከጋሽ ወልደየሱስ ጋር ቡቲዬ ትምህርት ቤት ሲደርሱ የኮምፒውተር ክፍሉ አዲስ ኖራ ይሸታል። ማሽኖቹ በግድግዳው ዙሪያ በረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል፤ ሂካ በሥራው ኮርቶ በሩ ላይ ቆሟል። መምህርት ኢክላስ በእስክሪብቶዋ እየጠቆመች ዞረች።

«አሥራ ስምንት» አለች። ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ። «አየሽ፣ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። በወረቀቱ ላይም አሥራ ስምንት ነው። ምን ያስፈራል?»

ጋዲሴ ከበሩ ላይ ቆማ ነበር። ዓይኗ ከዳር እስከ ዳር ሄደ፣ ተመለሰ። ዳለቻ አለች። ጉራቻ አለች። ቦቃ በመስኮቱ ሥር፣ ቡሬ ከጎኗ። ጥቂት ዝም አለች።

«ማጋላ የለችም።»

«ማን የለችም?»

«ማጋላ።»

«አሁን ቆጥሬያለሁ እኮ። ሙሉ ነው።»

«ቁጥሩ ልክ ነው ማዳም። ግን ያቺ፣ ጥጉ ጋ ያለችው፣ የኛ አይደለችም። ጆሮዋ ሙሉ ነው።»

ሂካ ሳቀ። «ቡናማ አይደለችም እንዴ? አንቺም ፀሐይ መትቶሻል።»

«እሷ ስም የላትም» አለች ጋዲሴ። «በመጀመሪያው ሳምንት የሞተችው ናት። ጋሽ ወልደየሱስ፣ እንዳትሰካ።»

ጋሽ ወልደየሱስ ከኪሳቸው መፍቻ አውጥተው፣ ለሷ ሳይሆን ለመምህርት ኢክላስ ሰጡ። መምህርቷ ራሷ አራቱን ብሎን ፈታች። የቀፎው ሆድ ባዶ ነበር። ራሙ የለም፣ ሃርድ ዲስኩ የለም፣ የተቃጠለ ሽታ ብቻ ወጣ። ለረጅም ጊዜ ጎንበስ ብላ ስታይ ቆየች።

«ይቺን ነገ አንድ ተማሪ ሰክቷት ቢሆን ኖሮስ» አለች በቀስታ። ከዚያ ቀና ብላ «ሌላዋስ የት ናት?» አለች።

ሁሉም ወደ ሂካ ዞሩ።

«ወረቀቱ አሥራ ስምንት ይላል» አለ ሂካ፣ ሳቁ ጠፍቶ። «በር ላይ ሁለት ቡናማ ነበር፣ የሚጎድለኝ አንድ። አንዷን አነሳሁ። ሌላዋን የሎሪው ሰዎች ጆንያ ውስጥ ሲከቱ አይቻለሁ። የትኛዋ ደህና እንደሆነች በምን ልወቅ? አልተጻፈባትም።»

ጋዲሴ ይህን ስትሰማ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገባት። ከሙታኑ ክምር አጠገብ ያስቀመጠቻት እሷ ናት፤ ምልክት ያላደረገችባትም እሷ ናት። እሷ በዓይኗ የምታውቀውን ሂካ ሊያውቅ አይችልም። «ልክ ነህ» አለችው። «የኔ ጥፋት ነው። ቱክቱኩን አስነሳ።»

ሂካ ከፊት፣ ሁለቱ ሴቶች ከኋላ ሆነው ከተማውን ሰንጥቀው ወደ መውጫው ሮጡ። መንገድ ላይ ፍየሎች ነበሩ፣ እንደ ወትሮው። መምህርት ኢክላስ ሻርፕዋን በአንድ እጅ፣ የቱክቱኩን ብረት በሌላው ይዛ «ቀስ» ትላለች፣ ወዲያው ደግሞ «ለምን ቆምክ?» ትላለች። ሎሪውን ከከተማው መውጫ የፖሊስ ኬላ ላይ ደረሱበት፤ ሾፌሩ ወረቀቱን አስፈትሾ ሞተር ሊያስነሳ ነበር።

«ምን ጠፋባችሁ?» አለ በመስኮቱ።

«ላም» አለ ሂካ።

«እኔ ከብት አልጫንኩም።»

«ጭነሃል። ጆንያ ውስጥ ናት።»

ሾፌሩ ፖሊሱን አየ፣ ፖሊሱ ሾፌሩን አየ። መምህርት ኢክላስ የኮሌጁን መታወቂያ አውጥታ ነገሩን በወግ አስረዳች። ሾፌሩ ሸራውን ገለጠ። ጆንያዎቹ ብዙ ነበሩ፤ በአንደኛው ቀዳዳ ቡናማ ፕላስቲክ ይታያል። ጋዲሴ እጇን ስትሰድ መምህርቷ ያዘቻት።

«ቆዪ። ሳይፈታ ንገሪኝ። ምን ምን አላት?»

ጋዲሴ ዓይኗን አልጨፈነችም፣ አላሰበችም። «ከታች በግራ በኩል ሸረፍ ያለች ናት። በስተቀኝ ጎኗ ላይ የሲጋራ ጠባሳ የሚመስል አለ። ከኋላዋ ሦስት ብሎን የራሷ ነው፣ አራተኛው ቢጫ ነው፣ ጋሽ ወልደየሱስ ከሬዲዮ ነቅለው የሰጡኝ። ማብሪያዋም የሬዲዮ ነው። ውስጧ ቢጫ ሽቦ አለ፣ የኔ ቋጠሮ ነው፣ ሁለት ጊዜ የዞረ።»

ጆንያው ተፈታ። መምህርት ኢክላስ እያንዳንዱን በጣቷ እየነካች አየች። ሽርፉን። ጠባሳውን። ቢጫውን ብሎን። ፖሊሱም ጎንበስ ብሎ አብሯት ያያል። ስትጨርስ ማጋላን አንስታ ጭኗ ላይ አድርጋ ቱክቱኩ ውስጥ ገባች። እስከ ቡቲዬ ድረስ ለማንም አልሰጠቻትም።

ትምህርት ቤቱ ሲደርሱ ጋሽ ወልደየሱስ ባዶውን ቀፎ አንስተው ቦታውን ጠርገው ነበር። ማጋላ በቦታዋ ተቀመጠች። ጋዲሴ የሬዲዮውን ቁልፍ ተጫነች። ማራገቢያው አጉረመረመ፣ ስክሪኑ ጨለም ብሎ ቆየ፣ ቆየ፣ ከዚያ ሰማያዊ ሆነ። ሂካ በሩ ላይ ሆኖ አጨበጨበ። ጋሽ ወልደየሱስ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ይጠርጉት ጀመር፣ አቧራ ባይኖርበትም።

መምህርት ኢክላስ ወንበር ስባ ማጋላ ፊት ተቀመጠችና መዝገቡን ከፈተች። «እዚህ ቁጭ በይ» አለቻት። «አንቺ በየማሽኑ ላይ ቁጥር ጽፈሽ ቢሆን ሂካ ዛሬ አይሳሳትም ነበር። እኔ ደግሞ ቁጥር ብቻ ይዤ ሄጄ ቢሆን ልጅ በኤሌክትሪክ ይያዝ ነበር። ስለዚህ ሁለቱንም እንጽፋለን። ባዶውን ዓምድ ሙዪ። በየማሽኑም ላይ ስሟንና ቁጥሯን ለጥፊ። ከዚያ እፈርማለሁ።»

«ምን ብለው ነው የሚፈርሙት?» አለች ጋዲሴ።

«አልፋለች ብዬ ነዋ። ሌላ ምን እጽፋለሁ?»

ጋዲሴ ዓምዱን ከላይ እስከ ታች ሞላች። ድምፅ አውጥታ ግን አልቆጠረችም። መምህርት ኢክላስ የተገጠመ ከንፈሯን አይታ ፈገግ አለች።

ክፍሉ ለተማሪዎች የተከፈተ ቀን አቶ ቦኩ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው መጡ። ሦስት ወር ሙሉ በእራት ሰዓት የልጃቸውን ወሬ ሲሰሙ ከርመዋል። ወደ ውስጥ አልገቡም፤ በሩ ላይ ቆመው ከዳር እስከ ዳር አዩ። አንዲት ትንሽ ልጅ ዳለቻ ላይ ስሟን እየጻፈች ነበር። ፊደሎቹ ከጣቷ ሥር አልጠፉም፤ እሷ ግን ጠመኔ የነካት ይመስል ጣቷን አገላብጣ አየች።

«ማጋላ የትኛዋ ናት?» አሉ አቶ ቦኩ።

ጋዲሴ አሳየቻቸው። ጠጋ ብለው ሽርፏን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። «ጥሩ ምልክት ነው» አሉ። «ከሩቅ ይታወቃል።»

ርእሰ መምህሩ ቀርበው ሰላምታ ሰጧቸውና በኩራት «እንዴት ነው አባት፣ ስንት እንደሆኑ ነገረችዎት?» አሏቸው።

አቶ ቦኩ ልጃቸውን አዩ። ልጃቸው መሬት መሬት አየች፣ ሳቋን ይዛ።

«አሉ፣ ይመስገን» አሉ አቶ ቦኩ።

አሁን ጋዲሴ የክፍሉ ጠባቂ ናት። ቁልፉ በአንገቷ ላይ ነው። በየማሽኑ ላይ ቁጥር ተለጥፏል፣ በጓዳው ሳጥን ውስጥም ዝርዝር አለ፤ ኮሌጁ በፈለገ ጊዜ ያገኘዋል። ተማሪዎቹ ግን «ዛሬ ቦቃ የኔ ናት፣ ትናንት አንቺ ነበርሽባት» እያሉ ነው የሚጣሉት። ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ባዶ ሲሆን ጋዲሴ ከመዝጋቷ በፊት በሩ ላይ ትቆማለች። ዓይኗ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል፣ ይመለሳል። ጥቂት ዝም ትላለች።

«ገብተዋል» ትላለች፣ ከዚያ ቁልፉን ታዞራለች።